የነፍሳት ጥናት በድኅረ ምረቃ፦ ከመርጨት በፊት ማወቅ

በአማርኛችን «ነፍሳት» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይሸከማል። በአንድ በኩል የ«ነፍስ» ብዙ ቁጥር ነው፤ በሌላ በኩል ደግሞ ስድስት እግር ያላቸውን፣ አካላቸው በራስ፣ በደረትና በሆድ የተከፈለውን ጥቃቅን ፍጥረታት ይጠራበታል። ቋንቋው እነዚህን ፍጥረታት በነፍስ ስም ቢያከብራቸውም ተናጋሪው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከቁም ነገር አይቆጥራቸውም። ዝንብ የንቀት፣ ትንኝ የትንሽነት፣ ምስጥ የጥፋት ምሳሌ ሆነው ይኖራሉ። ከዚህ ሁሉ የምትተርፈው ንብ ብቻ ናት፤ እርሷም ብትሆን የምትከበረው በማሯ ነው።

ይህ ንቀት ከመንደር ጨዋታ አልፎ እስከ ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ይከተለናል። አንድ የባዮሎጂ ወይም የዕፅዋት ሳይንስ ተመራቂ «ለሁለተኛ ዲግሪ የነፍሳት ጥናት እማራለሁ» ሲል ከዘመድም ከጓደኛም የሚገጥመው ጥያቄ የታወቀ ነው፦ «ለትንኝ ሁለት ዓመት?» ጥያቄው በቀልድ ቢቀርብም መልስ ይገባዋል። መልሱ ግን ሙያውን በማወደስ ብቻ የሚገኝ አይመስለኝም። ትምህርቱ ራሱ በምን መሠረት ላይ መቆም እንዳለበት መነጋገር ያስፈልጋል።

የዚህ ጽሑፍ አቋም ባጭሩ የሚከተለው ነው። የነፍሳት ጥናት የድኅረ ምረቃ ትምህርት የመጀመሪያ ግዴታው ነፍሳትን ለይተው የሚያውቁ፣ ያወቁትንም በናሙና አስደግፈው ለተከታዩ ትውልድ የሚያስቀምጡ ባለሙያዎችን ማፍራት ነው። መርጨት፣ ማራባት፣ መከላከልና መቆጣጠር ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጡ ናቸው። ይህ ቅደም ተከተል ሲዛባ ዋጋ የሚከፍለው ተመራማሪው ብቻ ሳይሆን ገበሬውና በሽተኛውም ጭምር ነው። ለዚህም ሦስት ማስረጃዎችን አቀርባለሁ። (በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከተማ የገባችው ትንኝ

በሀገራችን ስለ ወባ ለብዙ ዘመን ሲነገር የኖረው ታሪክ ይህ ነበር። ወባ በተለይ የቆላ ገጠር በሽታ ናት፤ ክረምቱ አልፎ ውኃ በየጉድጓዱ ሲያቁር፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ትበረታለች፤ ዋነኛዋ አስተላላፊም አኖፊለስ አራቢየንሲስ የተባለችው ትንኝ ናት። የቁጥጥሩም ሥራ በዚሁ ዕውቀት ላይ ተመሥርቶ፣ የዝናቡን ወቅት እየተከተለ፣ የቤት ግድግዳ በመርጨትና አጎበር በማደል ሲካሄድ ቆይቷል።

በ2016 ግን በሶማሌ ክልል በቀብሪ ደሃር ከተማ የተሰበሰቡ ትንኞች ሲመረመሩ ከዚያ በፊት በሀገሪቱ ተመዝግባ የማታውቅ ዝርያ ተገኘች። ይህችም አኖፊለስ ስቴፈንሲ ናት። አኖፊለስ ስቴፈንሲ በደቡብ እስያ ከተሞች ወባን በማስተላለፍ የታወቀች ስትሆን፣ በአፍሪካ ቀንድ መታየቷ መጀመሪያ የተመዘገበው በ2012 በጅቡቲ ነው። ጠባይዋ ከነባሯ ትንኝ ይለያል። በበርሜል፣ በሮቶ፣ በግንባታ ቦታ ገንዳና በመሳሰሉት ሰው ሠራሽ የውኃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ ትራባለች፤ ስለዚህም ዝናብ አትጠብቅም፤ የከተማ ኑሮም ይስማማታል። በ2022 መጀመሪያ ወራት፣ ያውም በበጋው፣ በድሬዳዋ ወባ በተቀሰቀሰ ጊዜ ጉዳዩን የመረመሩ ሳይንቲስቶች ወረርሽኙን ከዚህችው ትንኝ ጋር አያይዘውታል። ከታመሙትም መካከል በዩኒቨርሲቲ የመኝታ ክፍሎች ይኖሩ የነበሩ ተማሪዎች ይገኙባቸዋል።

እዚህ ላይ ለተማሪው ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የነፍሳት ተመራማሪ አንድን ዝርያ ለመለየት «የመለያ ቁልፍ» የሚባል የጥያቄና መልስ ሰንጠረዥ ይጠቀማል። ክንፉ ላይ ስንት ነጠብጣብ አለ? እግሩ ቀለበት አለው ወይስ የለውም? እያለ ደረጃ በደረጃ ወደ ስሙ ይደርሳል። በአፍሪካ ለአኖፊለስ ትንኞች በሰፊው ሲያገለግል የቆየውና በ1987 የታተመው ቁልፍ ስቴፈንሲን አልያዘም ነበር። እርሷን የጨመረው የተሻሻለ ቁልፍ የወጣው በ2020 ነው። ስለዚህ በመካከሉ ባሉት ዓመታት የቀድሞውን ቁልፍ እንደ ወረደ የሚከተል ሰው ስቴፈንሲን በእጁ ይዞ የሌላ ትንኝ ስም ሊሰጣት ይችል ነበር። እንግዳዋን ለመለየት ከቁልፉ ባሻገር «ይህች ትንኝ እኔ ከማውቃቸው አንዷን አትመስልም» ብሎ የሚጠራጠር የሠለጠነ ዓይን ያስፈልግ ነበር። እንዲህ ያለው ዓይን በአንድ ሳምንት ሥልጠና አይገኝም። በሺህ የሚቆጠሩ ናሙናዎችን በማይክሮስኮፕ ሥር ከማገላበጥ የሚመጣ ነው፤ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ዋነኛ ፋይዳም ይህንኑ ማስገኘቱ ነው።

በተሳሳተ ቦታ የተፈለገ መድኃኒት

ሁለተኛው ማስረጃ ከካሳቫ ማሳ የተገኘ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በኮንጎ ወንዝ አካባቢ ባሉ ሀገሮች በካሳቫ ተክል ላይ፣ ሰውነቷ በነጭ ዱቄት መሳይ ነገር የተሸፈነ «ሚሊባግ» የምትባል ተባይ ታየች። በጥቂት ዓመታት ውስጥም ካሳቫ የብዙ ሚሊዮን ሕዝብ ዋነኛ ምግብ በሆነበት የአፍሪካ ክፍል ሁሉ ተዛመተች። ካሳቫ መጤ ሰብል፣ የትውልድ ሀገሩም ደቡብ አሜሪካ በመሆኑ፣ ተባይዋም ከዚያው መጥታ ሊሆን ይችላል የሚል ግምት ነበር። ስለዚህ ሳይንቲስቶች በሀገሯ የሚያጠቋትን የተፈጥሮ ጠላቶች ፍለጋ አትላንቲክን ተሻገሩ።

በሰሜናዊው የደቡብ አሜሪካ ክፍልም ይህችኑ የምትመስል ሚሊባግ አገኙ። በላይዋ ላይ የሚኖሩትን ጥቃቅን ተርቦች ሰብስበው ሞከሩ፤ ተርቦቹ ግን በአፍሪካዋ ሚሊባግ ላይ ሊራቡ አልቻሉም። ምክንያቱ ኋላ ታወቀ። ሁለቱ ሚሊባጎች ለዓይን ይመሳሰሉ እንጂ ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ነበሩ። እውነተኛዋ ተባይ የተገኘችው በ1981 በፓራጓይ ነው። ከዚያ የመጣችው አናጊሩስ ሎፔዚ የተባለች ደቃቃ ተርብ በናይጄሪያ ኢባዳን በሚገኘው ዓለም አቀፍ የሐሩር ክልል ግብርና ተቋም እየተራባች በብዙ የአፍሪካ ሀገሮች ተለቀቀች፤ ተባይዋንም አብዛኛው ገበሬ አንዲት ጠብታ ኬሚካል ሳይገዛ ከቁጥጥር ሥር አዋለቻት። ሥራውን የመሩት ሐንስ ሄረን በ1995 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለውበታል።

ይህ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው እንደ ሥነ ሕይወታዊ መከላከያ ድል ነው፤ በእርግጥም ድል ነው። እኔ ግን ከድሉ በፊት ያለፉትን ዓመታት አስባለሁ። ሁለት ተመሳሳይ ተባዮችን ለይቶ ማወቅ እስኪቻል ድረስ የታለፈው ጊዜ የተቆጠረው በቤተ ሙከራ ሰዓት ብቻ ሳይሆን በባዶ ማሳም ጭምር ነበር።

አንድ የሆኑት ሁለት አንበጦች

ሦስተኛው ማስረጃ ተቃራኒውን ያሳያል፤ ማለትም ሁለት የመሰሉት አንድ ሲሆኑ። እስከ 20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ድረስ በመንጋ የሚጓዘው ተዛማች አንበጣና ለብቻው በየሣሩ የሚኖረው ዘመዱ የተለያዩ ዝርያዎች ተደርገው ይቆጠሩ ነበር። የሩሲያ ተወላጅ የሆነው የነፍሳት ምደባ ሊቅ ቦሪስ ኡቫሮቭ ናሙናዎችን እያነጻጸረ ሁለቱ አንድ ዝርያ መሆናቸውን፣ ልዩነታቸውም የብቸኝነትና የመንጋ ገጽታ መሆኑን በ1921 አሳወቀ። በሌሎች የአንበጣ ዝርያዎችም፣ የበረሃ አንበጣን ጨምሮ፣ ተመሳሳይ ለውጥ እንዳለ ከዚያ በኋላ ታውቋል።

የስም ማስተካከያ የሚመስለው ይህ ግኝት የአንበጣን መከላከል ከሥሩ ለወጠው። አንበጣው በሰላሙ ዘመን የት እንዳለ ከታወቀ፣ መንጋ ሳይሠራ በፊት በዚያው በበረሃው መከታተል ይቻላልና። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ብሂላችን ለዚህ የተነገረ ይመስላል። በ1962 የተቋቋመውና ዋና መሥሪያ ቤቱ በአዲስ አበባ የሚገኘው የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መቆጣጠሪያ ድርጅትም የዚሁ አስተሳሰብ ልጅ ነው። ክትትሉ ሲላላ ምን እንደሚከተል ደግሞ ከ2019 እስከ 2021 በሀገራችን ላይ ከደረሰው ወረራ አይተናል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት እንደሚያስረዳው፣ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ የሚያርፍ መንጋ እስከ 80 ሚሊዮን አንበጣ ሊይዝ፣ በአንድ ቀንም 35,000 ሰው የሚመገበውን ያህል ሊበላ ይችላል።

እነዚህ ሦስት ታሪኮች በአንድ ነጥብ ይገናኛሉ። በሦስቱም ላይ መፍትሔውን የወሰነው «ይህ ፍጥረት ማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ የተሰጠው መልስ ነው።

የእኛ ልማድ

ወደ ቤታችን እንመለስ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት ከተቋቋመበት ከ1978 ወዲህ በእርሱም ሆነ በሐሮማያና በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ነፍሳትን የሚያጠኑ ባለሙያዎች ሲሠለጥኑ ቆይተዋል። በኬንያዊው ሳይንቲስት በቶማስ ኦድሂያምቦ አነሣሽነት በ1970 በናይሮቢ የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የነፍሳት ፊዚዮሎጂና ሥነ ምኅዳር ማዕከል (ኢሲፔ) ደግሞ ከ1983 ጀምሮ ከአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር በመተባበር የዶክትሬት ተማሪዎችን ያሠለጥናል። ስለዚህ ጎዳናው የለም ማለት አይቻልም። ጥያቄው በጎዳናው ላይ ምን ይዘን እንደምንሄድ ነው።

በመመረቂያ ጽሑፎቻችን ዘንድ አንድ የተለመደ ዓይነት አለ። ተማሪው አንድ የታወቀ ተባይ ይመርጣል፤ ሦስት ወይም አራት ፀረ ተባይ ኬሚካሎችን ወይም የዕፅዋት ጭማቂዎችን ያዘጋጃል፤ በመደብ በመደብ ከፍሎ ይረጫል፤ የሞተውንና ያልሞተውን ይቆጥራል፤ በስታቲስቲክስ ያነጻጽራል፤ ይመረቃል። እንዲህ ያለውን ሙከራ አልነቅፍም፤ ገበሬው የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ ማወቅ አለበት። ይሁንና ሙከራው ዕድሜው አጭር ነው። ኬሚካሉ ከገበያ ሲወጣ ወይም ተባዩ ሲላመደው ውጤቱ አብሮ ያረጃል። ከዚያም በላይ፣ በሙከራው ጊዜ በማሳው ላይ ስለነበሩት ሌሎች ነፍሳት፣ ማለትም ተባዩን ስለሚበሉት፣ በሰውነቱ ውስጥ ስለሚፈለፈሉት፣ አበባውን ስለሚያዳቅሉት፣ አንዳችም ነገር ሳይመዘገብ ይቀራል። ናሙናዎቹም ሥራው ሲያልቅ ይጣላሉ። ከአሥር ዓመት በኋላ ሌላ ተማሪ «ያኔ የተጠናው በእርግጥ ይህ ዝርያ ነበርን?» ብሎ ቢጠይቅ የሚያሳየው የለም።

በአንጻሩ፣ እንግሊዛዊው የነፍሳት ተመራማሪ ሂዩ ስኮት በ1926 እና በ1927 በሀገራችን ተራሮች እየተዘዋወረ የሰበሰባቸው ነፍሳት ለንደን በሚገኘው ሙዚየም በመርፌ ተወግተው፣ የተገኙበት ቦታና ቀን በትንሽ ወረቀት ተጽፎላቸው፣ ዛሬም ለጥናት ያገለግላሉ። ስለ ኢትዮጵያ ነፍሳት መጻፍ የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ የትውልድ ሀገሩን ናሙና ለማየት ወደ አውሮፓ ደብዳቤ መጻፍ የሚገደደው ለዚህ ነው። ይህን የምለው ሰብሳቢውን ለመውቀስ አይደለም። ሰብሳቢው የሚገባውን አድርጓል፤ ያልተደረገው የእኛ ድርሻ ነው።

ልማዱ ሲለወጥ ምን እንደሚገኝ ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። በ2017 መጀመሪያ የአሜሪካ መጤ ተምች በሸካ ዞን በየኪ ወረዳ በበቆሎ ላይ ታየ። መጤው ከነባሩ ተምች ጋር የቅርብ ዘመድ ነው፤ ነገር ግን በግንባሩ ላይ የተገለበጠ የእንግሊዝኛ «ዋይ» ፊደል የመሰለ ነጣ ያለ ምልክት አለው፤ ከጅራቱ አካባቢም በአራት ማዕዘን የተደረደሩ አራት ጥቁር ነጥቦች ይታያሉ። ጠባዩም ይለያል። ነባሩ በመንጋ ሆኖ ሣርና ሰብል እያጨደ ሲጓዝ፣ መጤው በበቆሎው ሙሽራ ቅጠል መካከል ይደበቃል። ስለዚህ በቅጠሉ ላይ ብቻ የተረጨ መድኃኒት አያገኘውም። በዚያው ዓመት በኢትዮጵያ፣ በኬንያና በታንዛኒያ ማሳዎች የመጤውን እጮች ሰብስበው በቤተ ሙከራ ያሳደጉ ተመራማሪዎች ከእጮቹ ውስጥ ምን እንደሚወጣ በትዕግሥት ጠበቁ። በ2018 ባሳተሙት ጥናትም በኢትዮጵያ ከተሰበሰቡት እጮች ከሲሶ በላዩ ኮቴሲያ ኢሲፔ በተባለች ደቃቃ ተርብ የተጠቃ ሆኖ መገኘቱን ገለጹ። ይህች ተርብ ሳይንሳዊ ስም ያገኘችው ገና በ2017 ነው። ስም ባይወጣላት ኖሮ ተመራማሪዎቹ «አንዲት ተርብ» ብለው ያልፏት ነበር። የምትገኝበትን ማሳ ያለ ልክ የሚረጭ ሰው ደግሞ በነፃ የተሰጠውን ረዳቱን በገንዘቡ ገዝቶ ባመጣው መርዝ ይገድላል።

ሦስት ተቃውሞዎች

በዚህ አቋም ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ሳይመለሱ መታለፍ የለባቸውም።

የመጀመሪያው «በዚህ በዲኤንኤ ዘመን በክንፍ ነጠብጣብ መለየት ያለፈበት ሙያ ነው» የሚለው ነው። ተቃውሞው ግማሽ እውነት አለው። በ1998 ከጅማ አካባቢ የተገኙ ትንኞች ተጠንተው ከዚያ በፊት ያልታወቀ ዝርያ መሆናቸው የተገለጸው በዓይን ሳይሆን በማዳቀልና በክሮሞሶም ምርመራ ነበር። ይህች ዝርያ በ2013 አኖፊለስ አምሃሪከስ የሚል ስም ወጥቶላታል። መልኳ ከአራቢየንሲስ ጋር አንድ ነው፤ ነገር ግን የምትመርጠው የከብት ደም ነው፤ የወባ አስተላላፊ መሆኗም አይታወቅም። እንዲህ ባለው ጊዜ ዓይን ብቻውን አይበቃም። ሆኖም የዲኤንኤ ውጤት ትርጉም የሚያገኘው አስቀድሞ በትክክል ከታወቀና ከተቀመጠ ናሙና ጋር ሲነጻጸር ነው። የሚነጻጸርበት ናሙና ከሌለ የፊደላቱ ዝርዝር መዝገበ ቃላት እንደሌለው ቋንቋ ይሆናል። ስለዚህ ሁለቱ አንዱ ሌላውን የሚተኩ ሳይሆኑ አንዱ በሌላው ላይ የሚቆሙ ናቸው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከድህነታችን ይነሣል። «ሰብል እየተበላ፣ ሰው እየታመመ ስም በማውጣት ጊዜ ማጥፋት ቅንጦት ነው» ይባላል። ከላይ የቀረቡት ታሪኮች ለዚህ መልስ ይሰጣሉ ብዬ አምናለሁ። ቅንጦት የሚሆነው ማንነቱ ባልታወቀ ተባይ ላይ በውጭ ምንዛሪ የተገዛ ኬሚካል ማፍሰስ ነው። ናሙና ለመያዝ ግን የሚያስፈልገው መረብ፣ መርፌ፣ አልኮል፣ እርጥበትና ጉንዳን የማያስገባ ሣጥን፣ ጥሩ ማይክሮስኮፕና የሰለጠነ ሰው ነው። ከእነዚህ ሁሉ ውዱና ለማግኘት የሚያስቸግረው የመጨረሻው ነው፤ እርሱን ማፍራት ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ የተማሪው የራሱ ነው፤ «ተምሬ የት እቀጠራለሁ?» ይላል። ይህን ጥያቄ በስብከት ማለፍ ነውር ነው። በግብርና ምርምር ማዕከላት፣ በጤና ተቋማት፣ በዕፅዋት ኳራንቲን፣ በንብ ሀብት ልማትና በመምህርነት ለባለሙያው ቦታ አለ፤ ነገር ግን ናሙና ለመጠበቅና ዝርያ ለመለየት ብቻ የሚቀጠር ሰው በቁጥር ትንሽ መሆኑ እውነት ነው። ይህ ግን ተማሪው ብቻውን የሚፈታው ችግር አይደለም። የሥራ መደቡን መፍጠር ያለባቸው ተቋማቱ ናቸው፤ ቀጥሎ የማቀርባቸው ሐሳቦችም አብዛኛዎቹ ለእነርሱ የተነገሩ ናቸው።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ነፍሳትን በሚመለከት የሚቀርብ የመመረቂያ ጽሑፍ ሁሉ የተጠኑትን ዝርያዎች ማስረጃ ናሙና፣ ከተገኙበት ቦታ፣ ቀንና ከፍታ ጋር፣ በታወቀ ክምችት ውስጥ ሳያስቀምጥ መጽደቅ የለበትም። በአራት ኪሎ የሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየምና በየዩኒቨርሲቲው ያሉ ትናንሽ ክምችቶች ለዚህ መነሻ ሊሆኑ ይችላሉ። ይህ ደንብ ተጨማሪ በጀት እምብዛም አይጠይቅም፤ በአሥር ዓመት ውስጥ ግን በገንዘብ የማይገዛ ሀብት ያስገኛል።

ሁለተኛ፣ ክምችት ያለ ጠባቂ አይኖርም። በሐሩር ሀገር የተረሳ የናሙና ሣጥን ራሱ የነፍሳት ምግብ ይሆናል። ስለዚህ እያንዳንዱ ክምችት ደመወዙ የተቆረጠለት፣ ዕድገቱም በሚያሳትመው ጽሑፍ ብዛት ብቻ ሳይሆን በሚጠብቀውና በሚለየው ናሙና ጭምር የሚመዘን ባለሙያ ሊኖረው ይገባል።

ሦስተኛ፣ የትምህርቱ የጊዜ ሰሌዳ ከነፍሳቱ የሕይወት ዑደት ጋር ይስማማ። ብዙ ነፍሳት በዓመት አንድ ወቅት ብቻ ይታያሉ። የምርምር ገንዘቡ የሚለቀቀው ወቅቱ ካለፈ በኋላ ከሆነ፣ ተማሪው ወይ አንድ ዓመት ይጠብቃል፣ ወይ ያገኘውን ብቻ ይዞ ይጽፋል። ሁለቱም ጉዳት ናቸው።

አራተኛ፣ የጤናና የግብርና የነፍሳት ተማሪዎች ቢያንስ ለአንድ ሴሚስተር በአንድ ክፍል ይማሩ። ትንኝን የሚያጠናው በአንድ ሕንፃ፣ ተምችን የሚያጠናው በሌላ ከተማ ተለያይተው ሲኖሩ፣ በማሳ ላይ የሚረጭ መድኃኒት በትንኝ ላይ የመላመድን ባሕርይ ሊያባብስ መቻሉን አንዱ ለሌላው ሳይነግረው ይቀራል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የለ!

አምስተኛ፣ የገበሬው ስም ከሳይንሱ ስም ጋር አብሮ ይመዝገብ። የወሎ ገበሬ ጤፉን የምታጠፋበትን ፌንጣ መሰል ተባይ «ደጊዛ» ብሎ የሚጠራት የላቲን ስሟን ማንም ሳይነግረው ነው። ስም ካወጣላት ወቅቷንም፣ መሸሸጊያዋንም፣ የምትወደውንም ያውቃል ማለት ነው። ክሽክሽ፣ ነቀዝ፣ ኩብኩባ፣ አገዳ ቆርቁር የሚሉት ቃላት እያንዳንዳቸው ተቀምጦ ላዳመጠ ሰው የምልከታ መዝገብ ናቸው። በዚህ ረገድ ከገጠር የመጣ ተማሪ ከከተሜው የሚበልጥበት ዕውቀት አለው፤ ዩኒቨርሲቲው ይህን ዕውቀት በር ላይ እንዲጥለው ሳይሆን ይዞት እንዲገባ ማድረግ አለበት።

ለተማሪው

ይህን ጽሑፍ የሚያነብ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የድኅረ ምረቃ ነገር ሩቅ ሊመስለው ይችላል። ሥራው ግን ዛሬውኑ የሚጀመር ነው። በአንድ ጠርሙስ ውስጥ የጎመን ትል ከነቅጠሉ አስቀምጦ ምን እንደሚወጣ መጠበቅ ይቻላል። ቢራቢሮ ከወጣ አንድ ነገር ተምረሃል፤ ጥቃቅን ተርቦች ከወጡ ደግሞ ሁለት። በግቢያችሁ ያለውን የውኃ በርሜል ክዳን ከፍቶ እጭ መኖር አለመኖሩን ማየት፣ ካለም ውኃውን ደፍቶ በርሜሉን መክደን ሳይንስም የጤና ጥበቃም ነው። ያዩትን በቀንና በቦታ መጻፍ ከተለመደ፣ ከአንድ ተመራማሪ የሚጠበቀው ዋና ጠባይ ተገኘ ማለት ነው።

የመጀመሪያ ዲግሪህን ልትጨርስ የተቃረብክ ወይም የተቃረብሽ ደግሞ፣ የምርምር ርእስ ስትመርጡ አማካሪያችሁን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ይህ ሥራ ሲያልቅ ከጽሑፉ ሌላ ምን ተቀምጦ ይቀራል?» መልሱ «ምንም» ከሆነ ርእሱ እንዲሻሻል ለምኑ። በእርግጥ ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። በቆላ ፀሐይ መረብ ይዞ መዋል፣ ሌሊት በብርሃን ወጥመድ ዙሪያ መቀመጥ፣ ከዚያም ለሳምንታት በማይክሮስኮፕ ላይ ማጎንበስ አለበት። ነገር ግን በቀብሪ ደሃር የተሰበሰቡትን ትንኞች ለይቶ ለማወቅ የተደረገው ሥራም ይኸው ነበር። ያ ሥራ ባይሠራ ኖሮ በድሬዳዋ የበጋ ወባ ሲነሣ ሐኪሙም የከተማው አስተዳደርም ማንን እንደሚዋጉ ለማወቅ ከዜሮ መነሣት ነበረባቸው።

አኖፊለስ ስቴፈንሲ ወደ ሀገራችን የገባችው ማንንም ፈቃድ ሳትጠይቅ ነው። ከእርሷ በኋላ የሚመጣውም እንግዳ፣ በመርከብም ይምጣ በነፋስ፣ በዘርም ይምጣ በአበባ፣ እንዲሁ ሳይጠይቅ ይገባል። በደረሰበት ዕለት በአንድ ወረዳ፣ በአንድ ማሳ ወይም በአንድ በርሜል አጠገብ «ይህን ከዚህ በፊት አላየሁትም» የሚል ሰው መኖሩና አለመኖሩ የሚወሰነው ዛሬ በየክፍሉ በሚሰጠው ትምህርትና ዛሬ በሚመዘገቡት ጥቂት ተማሪዎች ነው። «ለትንኝ ሁለት ዓመት?» ለሚለው ጥያቄም ያለኝ መልስ፦ አዎን፣ ለትንኝ ሁለት ዓመት፤ ቢቻል ደግሞ አራት ጨምሮ እስከ ዶክትሬት።